ሁዳዴ የያዙት ዶሮዎቼ

በጃንሆይ ዘመን አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ፣ በተከራየሁበት ግቢ የፈረንጅ ዶሮ አረባ ነበር። እንቁላሉን የሚወስዱልኝ ጾም የማያውቁት የፋብሪካው ፈረንጆች ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ዶሮዎቹ መጣል አቆሙ!

ሥራ ስውል መኖ የሚሰጡልኝ አከራዬ እትዬ አስካለ ናቸው።

«እትዬ፣ ከቄራ ያመጣሁትን የሥጋ ዱቄት አይቀላቅሉላቸውም እንዴ?»

«በሁዳዴ? በኔ ግቢ ሥጋ ሊበላ? ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን የኑግ ፋጉሎ እየሰጠኋቸው ነው።»

ደሜ ፈላ። «ፋጉሎም ፕሮቲን አለው፤ ግን ፕሮቲን ሁሉ እኩል አይደለም! ፋጉሎው ለእንቁላል የሚሆነው ነገር ይጎድለዋል፤ ያለውንም ቢሆን ሆዳቸው በደንብ አይፈጨውም።»

«እኔ በሽሮ ስድስት ልጅ ወልጄ የለ እንዴ!»

ቢቸግረኝ የነፍስ አባታቸውን ለምኜ አመጣሁ። «እንስሳ ጾም የለበትም» ብለው ፈረዱልኝ። እትዬም እሺ ብለው መስቀል ተሳለሙ። ደስ ብሎኝ የሥጋ ዱቄቱን ጆንያ ብከፍተው ባዶ ነው።

«የሥጋ ዱቄቴስ?»

«ለግቢው ውሻ ሰጠሁት።»

«ዶሮዎቹን አስጹመው ውሻውን ያስገድፋሉ?»

«ውሻውን ማን ሊበላው! ዶሮዎቹ ግን የፋሲካ ወጥ ናቸው» አሉኝ። «እንዲያውም ለኔ ያቺን ወፍራሟን መርጫለሁ።»