የአሥረኛው ወር ካርታ

ቢሮአችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሳሎኑን ለብቻው ይዞታል፤ እኛ ሠራተኞቹ መኝታ ቤቶቹ ውስጥ ተጣብበን እንቀመጣለን። ሊያስተምረን የመጣው የውጭ አገር ባለሙያ በሁለት ሳምንቱ መጽሐፉን ትቶልን ሄደ። መጽሐፉን ደፍሬ የገለጥኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እኔ ላይ ወደቀ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሳተላይት ከላይ ያነሳችው ፎቶ በዲስክ ላይ የቁጥር መዓት ሆኖ ይመጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ መሬቱ ለምለም ነው፤ ዝቅ ካለ ደረቅ። እኔ ማሽኑን "ከመቶ በላይ ከሆነ ኤክስ፣ ካልሆነ ነጥብ አትም" ብዬ ማዘዝ ነበረብኝ። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን አንዲት ምልክት ስለዘለልኩ፣ ፕሪንተሩ በየመስመሩ አንዳንድ ነጥብ እየጣለ ወረቀቱን ሳሎኑ ወለል ላይ ሲተፋው ዋለ። ባልደረቦቼ "ካርታ ነው ወይስ የውሃ ቦይ?" እያሉ ሳቁብኝ። በወሩ ግን ተራራና ሸለቆው ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚችለኝ ጠፋ።

በዚያው ሐምሌ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ከገጠር ያስጻፈችው ደብዳቤ ጎሮ ሰፈር ካለው ቤታችን ደረሰ። በልጉ ጠፍቷል፣ ከብቶቼ እያለቁ ነው ትላለች። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ልታመጣት ተነሳች። እኔ ደግሞ ችሎታዬን ማሳየት አማረኝና የአክስቴን አገር ዲስክ ፈልጌ ከፈትኩ። ቀኑ በፈረንጅ ነው። ሰባት ነው ስምንት የሚቀነሰው እያልኩ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ቆይቼ ሰባት ቀነስኩ፤ ዘንድሮ ሆነ። ወሩ 10 ይላል። አሥረኛው ወር ሰኔ ነው፤ ያለፈው ወር መሆኑ ነው። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ ርዕሱ ላይ ሰኔ ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ሲታተም የአክስቴ ቀበሌ ነጥብ በነጥብ ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለው አገር ግን ኤክስ በኤክስ።

"ይኸው" አልኳት እናቴን፣ ወረቀቱን አልጋ ላይ ዘርግቼ። "ምን አለፋሽ? ከብቶቿን ይዛ ማዶ ትሻገር።"

"እዚያ ያለችው እሷ ናት ወይስ ማሽንህ?"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ከሰማይ የታየ ነው!"

እናቴ ስንቁን ፈታች። ለአክስቴ ማዶ ተሻገሪ የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ ሳያልቅ ሌላ ዲስክ ከፈትኩ። ወሩ 12 ይላል። በእኔ ስሌት ነሐሴ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን ገና ሐምሌ ላይ ነን። ሳተላይት ያልመጣ ቀን አታነሳም። የፊተኛውን ዲስክ መልሼ ከፈትኩ። ዓመቱን ወደ እኛ ስመልስ ወሩን ትቼዋለሁ። የፈረንጅ አሥረኛ ወር የእኛ ጥቅምት ነው። ያ ሁሉ ኤክስ ካለፈው ክረምት የተረፈ፣ ዘጠኝ ወር ያለፈው ልምላሜ ነበር።

ፈቃድ ልጠይቅ ኃላፊያችን ዘንድ ሮጥኩ። "ጓድ፣ የአሥረኛው የአብዮት በዓል ሪፖርት ሳያልቅ የምን ፈቃድ ነው?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። ከከተማ መውጫ የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው የቀበሌ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፤ በማግሥቱም ስብሰባ፣ በሳምንቱም ስብሰባ። ሁለተኛ ደብዳቤ ላክሁ፤ መድረሱን እንጃ።

የአክስቴ መንደር የደረስኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በሯ ተዘግቷል። መንደሩ ውስጥ ያገኘኋቸው መራመድ ያቃታቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ዘመዷ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ መጣሁ አልኳቸው።

"ሰው ሁሉ እህል ይሰጣል ሲባል ወደ መኪናው መንገድ ወረደ" አሉኝ። "እሷንም ነይ ብለን ለመንናት። 'የእህቴ ልጅ ማዶውን በማሽን አይቶታል፣ ይኸው ጽፎልኛል' ብላ ከብቶቿን እየነዳች ብቻዋን ወደ ተራራው ወጣች። ማዶ ምን አለና ልጄ? ድንጋይ ነው። ሬሳዋን እረኞች አገኙት።"

 ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

"ያን ወረቀት የጻፈላትን ሰው ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም" አልኳቸው።