አባቴ በቃሉ የያዛቸው ዐሥራ ሁለት ቃላት

በምሠራበት መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ በሦስት ኮፒ ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ ይዞ የመጣ ሰው ከእኔ ደህና ፊት አግኝቶ አያውቅም። የገዛ እናቴ ሕይወት የተንጠለጠለባትን ብጣሽ ወረቀት ግን በእጄ አቃጠልኳት። ኮፒ አልነበራትም።

እናቴ ኩላሊቷ ከከዳት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ እጥበት ያስፈልጋት ነበር። ለእጥበቱ የሚሆነውን ዕቃ እየገዛን የምናቀርበው እኛ ነን። የሚሸጥ ሸጥን፤ የሚለመን ዘመድ ለመንን። እድሩም የሚችለውን አደረገ። የቀረን ተስፋ ጁባ የውኃ ቦቴ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነበር። እሱም የሚከፈለው በስልክ ውስጥ በሚቀመጥ ዲጂታል ገንዘብ ስለነበረ፣ በለመድነው መንገድ ሊልክልን አልቻለም።

አንድ ቀን በድምፅ መልእክት «እታለም» አለኝ፤ «አንድ መተግበሪያ ልላክልሽ። እንደምናወራበት ዓይነት ነው፤ ግን ገንዘብም ይይዛል። ወሬውም ብሩም አንድ ቦታ ነው።» እኔ ክሪፕቶ የሚሉትን ነገር የማውቀው የሰፈራችን ጎረምሶች ተበልተውበት ሲያዝኑ ብቻ ነው። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የቤቱ ኔትወርክ ስለማይረባ፣ በምሳ ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ጫንኩት።

ስም ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ስድስት ቁጥር አስገቢ አለኝ፤ የእናቴን ካርድ ቁጥር አስገባሁ። ከዚያ ዐሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በየተራቸው ተደርድረው ብቅ አሉ። ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ስልክሽ ቢጠፋ ወይ ቢበላሽ፣ በእነዚህ ቃላት በሌላ ስልክ ትከፍቺዋለሽ» አለ። «ቃላቱን በተራቸው ያወቀ ሁሉ ግን ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ፎቶ አታንሺያቸው፤ ለማንም አታሳዪ። በወረቀት ጽፈሽ ደብቂያቸው።»

«ወረቀቱ ቢጠፋብኝስ? የት አመለክታለሁ?»

«የትም። ቢሮ የለውም።»

ቢሮ የሌለው ነገር በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ ስለማላምን፣ አነጋገሩን እንደ ልጅ ቀልድ ቆጠርኩት።

ቃላቱን የጻፍኩባትን ወረቀት ይዤ ቁስቋም ወዳለው ቤታችን ገባሁ። የምኖረው ከእናትና አባቴ ጋር ነው። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ከቤታችን አጠገብ ባለች ትንሽ ደብር ድጓ ያስተምራል። ተማሪዎቹ የኔታ ይሉታል። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ የሚያስተምረው ሁሉ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ መጽሐፍ አይናፍቀውም። ወረቀቷን አንዴ ትራስ ሥር፣ አንዴ ሳጥን ውስጥ፣ አንዴ ከጣራው ሥር ስሸጉጥ ሰምቶ ሳቀብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዐሥራ ሁለት ቃል ይዘሽ እንዲህ መንከራተት? ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ጣራም ሲያፈስ ይርሳል። በይ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ ተከትሎኝ አለ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አንድም ሳይስት በቃሉ ወረደው፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እኔ የራሴን ስልክ ቁጥር እንኳ ከካርድ ላይ አይቼ የምናገር ሰው ነኝ፤ ቀናሁም ኮራሁም። ወረቀቷን ምድጃው ውስጥ ጨመርኳት። በግድግዳ የለጠፍኩት ተረት ትዝ ያለኝ ከነደደች በኋላ ነው። ደግሞም የአባቴ ቃል ከመቼ ወዲህ ነው የሚረሳው ብዬ ተውኩት።

ወንድሜ የሁለት ዓመት ጥሪቱን በአንድ ቀን ላከው። «እኔ ጋ ሌባ ይወስደዋል፣ አንቺ ጋ ይሁን» አለኝ። ገንዘቡ የመጣው በጭውውታችን መካከል ነው፤ «እማዬ እንዴት አደረች» ከሚለው በታች፣ «ሳሚልኝ» ከሚለው በላይ። ሳምንት በሳምንት ከዚያ ላይ እየቀነስኩ ፒያሳ ሱቅ ላላት፣ ዱባይ ለምትመላለስ ነጋዴ እልክላታለሁ፤ እሷ ብሩን ትሰጠኛለች። የእናቴ የእግሯ እብጠት ጎደለ፣ እንቅልፍ አገኘች። ጎረቤት መጥቶ «ሸጋ ሆነሻል» ሲላት ፈገግ ማለት ጀመረች። እኔም ከፍርሃቴ ተላቀቅኩ።

አባቴ ግን ሰላም አጣ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የቃላቱን ፍቺ ጠየቀኝ። ዣንጥላ፣ ጉልበት፣ አጋዘን፣ ምድጃ እያልኩ የማውቃቸውን ነገርኩት።

«እነዚህ ምን ያገናኛቸዋል?»

«ምንም።»

«ማን ተናገራቸው?»

«ማንም። ስልኩ ነው ያወጣቸው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ዕድሜውን ሙሉ የአንዲት ፊደል ምሥጢር ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው፤ ፍቺ የሌለው ቃል በልቡ አሳድሮ አያውቅም። እኔ ነገሩን እንደ እርጅና ጠባይ ቆጥሬ አለፍኩት።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ስልኬ መንቀርፈፍ ጀመረና ለጠጋኝ ሰጠሁት። ጠጋኙ አጥቦ፣ አጽድቶ፣ እንደ አዲስ አድርጎ መለሰልኝ። «ፎርማት አድርጌዋለሁ እህቴ፣ ፎቶሽ ሁሉ ይመለሳል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፎቶው ተመለሰ። የእናቴ ሕክምና ግን አልተመለሰም። መተግበሪያውን እንደገና ስጭነው ዐሥራ ሁለቱን ቃላት አምጪ አለኝ። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት፤ አያውቀኝም። እርዳታ ወደሚለው ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ ማሽን ቃላቱን ለማንም እንዳልሰጥ መከረኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ «ችግርሽን እንፈታልሻለን፣ ቃላቱን ላኪልን» ብሎ ጻፈልኝ። ቢኖሩኝ ኖሮ ለሌባም ቢሆን ሰጥቼ ግማሹን እለምነው ነበር።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። «አባዬ፣ ቃላቱን በልልኝ።»

ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩለት።

«በግዝት ተይዣለሁ ልጄ» አለኝ።

በጾሙ መግቢያ ንስሐ ሲገባ ለንስሐ አባታችን ነግሯቸው ኖሯል። የነገራቸውን እንዳለ ደገመልኝ። «ፍቺ የሌላቸው ዐሥራ ሁለት ቃላት በልቤ ይዣለሁ፤ ለሰው አይነገሩም፤ የያዛቸው ሀብት ያገኛል፤ ማን እንደተናገራቸው አይታወቅም አልኳቸው። ምን ይበሉኝ?»

እኔም ብሆን ጠንቋይ ቤት ሄደሃል ነው የምለው።

«የስልክ ነው አላልካቸውም?»

«ብያቸዋለሁ። ‹ይባስ› አሉኝ። ከአፌ እንዳይወጡ ገዘቱኝ። ስልኩ ካንቺ ጋ ስለነበረ የሚጎዳ አልመሰለኝም።»

በሕይወቴ በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ጮህኩበት። የማያድን ሃይማኖት ምን ያደርጋል እስከማለት ደረስኩ። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝ።

የንስሐ አባታችን የወንድማቸውን ሞት ተረድተው በደብረ ዘይት ሰሞን ወደ ሳንጃ ቆላ ወርደው ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል፤ ስልካቸውም አይሠራም። በማግሥቱ መናኸሪያ ሄጄ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ፈለግኩ። አንድ ሾፌር ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ «እናትሽን ለማዳን አንቺን መቅበር አለብን?» አለኝ። ወንድሜም ጥሪቱን ሁሉ ስለላከ እጁ ባዶ ነው፤ ያን ሐሙስ እጥበቱ አለፈ። ሰኞ፣ የሕማማቱ መጀመሪያ፣ እሱም አለፈ። የእናቴ ፊት አበጠ። ጋደም ማለት አቅቷት ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ትንፋሿ ከደጅ ይሰማል።

የደብሩ አለቃ ጋ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«የገዘተው በሌለበት መፍታት ከባድ ነው» አሉኝ። «ለማንኛውም ሕማማት ገብቷል፤ በሕማማት ግዝት አይፈታም። እስከ ትንሣኤ ታገሡ።»

«አባ፣ ይህንን ለኩላሊቷ ይንገሩልኝ» ብዬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ ከስግደት ተመለሰና በእናቴ አልጋ አጠገብ ቆመ። ትንፋሿን ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ጥምጥሙን ከራሱ ላይ ፈታ፤ አጣጥፎ መቋሚያውን ባስደገፈበት ጥግ አኖረው። ራሱን ገልጦ ሳየው የማላውቀው ሽማግሌ መሰለኝ። ሊያደርግ ያሰበው ከእኔ ይልቅ ለእናቴ ቀድሞ ገባት።

«ተው መሪጌታ» አለች በተቆራረጠ ድምፅ። «እኔ ደግሞ ስንት ልቆይ ብለህ። ስለ ነፍስህ ብለህ ተው።»

«ጻፊ» አለኝ።

እጄ ላይ የተገኘው የመድኃኒቷ ማዘዣ ነበር። በጀርባው ጻፍኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አንዱን ከአንዱ ሳያቀላቅል፣ ተማሪ እንደሚያስጠና ቀስ እያለ፣ ዐሥራ ሁለቱንም ተናገረ። አንድም አልሳተም። መተግበሪያው ተከፈተ፤ ገንዘቡም የወንድሜ ሰላምታም በቦታቸው ነበሩ። ደስ አለኝ፤ መደበቅ እስኪያቅተኝ ድረስ ደስ አለኝ። ቀና ስል አባቴ ከቤት ወጥቷል።

ሐሙስ እናቴ ታጠበች። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ሲሞት ከኔ ጋር አይገናኝም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትራሷን አስተካከልኩላት።

በትንሣኤ አባቴ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ጥምጥም ሳያደርግ ቆሞ አስቀደሰ። ካህናቱ እየወጡ ለመኑት፤ አለቃውም ራሳቸው ልፍታህ አሉት። «የገዘቱኝ ይፍቱኝ» ከማለት ሌላ አልተናገረም። ተማሪዎቹ ቤት ድረስ ሲመጡም ወደ ሌላ መምህር ላካቸው።

እናቴ እስከ ሐምሌ ቆየች። አንዳንድ ቀን ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤ አባቴም አጠገቧ ተቀምጦ በሆነ ባልሆነው ይጨቃጨቁ ነበር። አንድ ቀን ልቧ ቀጥ አለ። ሌሎች ሲሞቱ ፍትሐቱን የሚመራው አባቴ ነበር፤ የእሷ ሲደርስ ግን ከበሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመ። ከውስጥ አንዱ ተማሪው ዜማ ሲስት፣ የአባቴ ከንፈር ትክክለኛውን ሲል አየሁ። ዣንጥላ ልይዝለት ብሄድ በእጁ ገፋው።

የንስሐ አባታችን በመስከረም መንገድ ሲከፈት ተመለሱ። የሆነውን ሰምተው በቀጥታ ወደ ቤታችን መጡ። ስንት ወር በሆዴ ስረግማቸው ኖሬ፣ ሳያቸው ከአባቴ ይልቅ ያረጁ፣ ጫማቸው ያለቀ ሰው ናቸው። አልቅሰው አልጨረሱም።

«አላወቅሁም» አሉ። «ተንበርከክ መሪጌታ፣ ልፍታህ። አጥፍቻለሁ፣ ተጸጽቻለሁ በል፤ ሌላ አልፈልግም።»

አባቴ ተነሣ። አሁንስ ተገላገልን ብዬ ወንበሩን ሳብኩለት።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «የሚጸጽተኝ ግን አይደለም። ያን ረቡዕ ባልናገር ኖሮ፣ ከትንሣኤ እስከ ሐምሌ እንዳየኋት አላያትም ነበር። ዛሬ ተነሥታ ብትታመም፣ ዛሬም እናገራለሁ። ዋሽቼ ልግባ አባቴ?»

የንስሐ አባታችን መስቀሉን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ወደ ኪሳቸው መለሱትና ውኃ ብቻ ጠጥተው ሄዱ።

አሁን ቃላቱን በሦስት ኮፒ ጽፌ፣ አንዱን መዝገብ ቤት፣ ሁለቱን ቤት ቆልፌባቸዋለሁ። በስልኩ ውስጥ የሚከፍቱት የገንዘብ ቦርሳ ባዶ ነው። እሁድ እሁድ ለአባቴ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ እስከ ቅጥሩ በር አብሬው እሄዳለሁ። አይቀመጥበትም። እኔም ጥዬው መግባት ስላልቻልኩ፣ ከውጭ አብሬው እቆማለሁ።