የምድር ቤቱ ጭስና የአባቴ ንፋስ

አባቴ ሰው አይፈራም፤ ንፋስ ግን ይፈራል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ከጂንካ እስከ ዲመካ ከሱ ጋር ሲነታረክ ነው የሚሄደው። ላብ ላይ ንፋስ የመታው ሰው አለቀለት ብሎ ያምናል። እሱን ብቻ አላማውም፣ ሁላችንም እንዲያው ነን፤ እሱ ግን አበዛው።

ቤታችን ከአውሮፕላን ሜዳው በላይ፣ ተዳፋት ላይ ነው። በጓሮ በኩል ከሥሩ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ምድር ቤት አለው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ እናቴ እዚያ ዳቦ መጋገር ጀመረች። ምድጃዋ ከበርሜል ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ነበር፤ እንጨት ይነድበታል፣ ጭሱ በቆርቆሮ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። እናቴ ሊጥ ስታቦካ ትዘምራለች። ድምጿ ያምራል ብዬ አልዋሽም፤ እኛ ግን ከእንቅልፍ የምንነሳው በሷ መዝሙር ነበር።

አባቴ ታዲያ ሚስቴ ላብ በላብ ሆና ንፋስ እንዳይመታት ብሎ ምድር ቤቱን አሸገው። መስኮቷን በላስቲክ ወጠረ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፈነ፣ ከበሩ ሥር ጆንያ ጠቀጠቀ። ፍቅር ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል! ከዚያ ወዲህ ጭሱ ቱቦውን ትቶ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር። እናቴን ሳል ያዛት፤ መዝሙሩም ቀረ። ሐኪም ቤት ስትሄድ ወይ ጭሱ ይቁም ወይ ዳቦው ይቁም ብለው ቁርጡን ነገሯት።

አባቴ ቱቦውን አስጠረገ፣ አስረዘመ። ጭሱ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ምድጃውን አፈርሰዋለሁ አለ። እናቴ ሊጡ ላይ ጎንበስ ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በአባቴ በጣም ስለተናደድኩ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

እንጨት የምታመጣልን ከአሪ መንደር የምትወርድ ሴት ነበረች። እሷ በመጣች ቁጥር ጭሱ ጥርግ ስለሚል፣ እናቴ እግሯ እርጥብ ነው ትል ነበር። ቅዳሜ ዕለት አባቴ መዶሻውን ይዞ ሲወርድ፣ እናቴ ባለ እንጨቷ ሴት እስክትመጣ ታገሰኝ ብላ ለመነችው። ሴትዮዋ መጣች። ሸክሟ ሰፊ ስለሆነ በሩን ወለል አድርጋ ነው የገባችው። እሳቱ ቦግ አለ፤ ጭሱም በቱቦው ሽው ብሎ ወጣ። እናቴ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ዛሬ የትም አትሄጂም ብላ ወንበር አቀረበችላት፣ ሻይ በትኩስ ዳቦ ሰጠቻት። በሰው እግር ምድጃ ልናድን ነበር እኮ! ይሄኔ አባቴ እንግዳዋን ንፋስ እንዳይመታት ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ፤ ጆንያውንም ወደ ቦታው መለሰ። ብዙም ሳይቆይ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ ሁላችንንም እንባ በእንባ አደረገን። አባቴ እግሯም አልረዳንም ብሎ መዶሻውን አነሳ።

ሴትዮዋ ዳቦው እስኪያንቃት ሳቀች። ተነስታ ጆንያውን በእግሯ ገፍታ በሩን ከፈተችው።

«እግሬ አይደለም፣ በሩ ነው» አለች። «የእኛ ሣር ቤት በሁሉም በኩል ይተነፍሳል። እናንተ እሳቱን አፍናችሁ ለምን ጨሰ ትላላችሁ።»

አባቴ አላመነም። እኛ እያሳልን በሩን ሦስት ጊዜ ዘጋ፣ ሦስት ጊዜ ከፈተ። ከዚያ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እናቴን ያሳላት የገዛ ጥንቃቄው እንደሆነ ገብቶታል። ፊቱን ሳየው ኩርፊያዬ ሁሉ ጠፋ፤ አንጀቴን በላኝ።

ምድጃውን ሊያፈርስበት ባመጣው መዶሻ ግድግዳውን ከታች፣ ከእሳቱ አጠገብ በሳው። ቀዳዳው ውስጥ ቁራጭ ቱቦ ከትቶ አየሩ በቀጥታ ወደ እሳቱ እንዲገባ አደረገ። መምታት ከመጀመሩ በፊት ግን ጋቢውን አውልቆ የእናቴን ጀርባ ጥቅልል አድርጎ ሸፈነው። እናቴ በዚያ ሙቀት ዝም ብላ ተጠቀለለችለት።

ሚኒባስ ላይ ያው ነው፣ ዛሬም ዝጉት ይላል። ነገር ግን ምድጃው በተረፈ በወሩ ገደማ፣ አንድ ማለዳ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከተራራው የሚወርደው ንፋስ ቀሚሴን ያርገበግበዋል። አባቴ ያለ ጋቢ ቀዳዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፏል። አባዬ፣ ንፋስ ይመታሃል እኮ፣ አልኩት ላሾፍበት። እጁን አንስቶ ከለከለኝ።

«ዝም በይ» አለ። «እየዘመረች ነው።»