ሠላሳ ቤት የዞረው ድስት

ሰፈሩ ስሟን ረስቶታል፤ «ቅመሽልኝ» ነው የሚላት። እሷ እቴ ምንም አትቀምስም! አንድ የጥናት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ቤት መርጦ፣ የየቤቱን የቀን ምግብ በፕላስቲክ ማንኪያ እየጨለፈች በዕቃ እንድታመጣ ቀጥሯት ነው። ከምንበላው ጋር ምን ዓይነት ብረት፣ ስንት ያህል ሆዳችን እንደሚገባ ሊለኩ። ሰፈሩ ግን የገባው ሌላ ነው፤ «ጓዳችንን ሊያዩት ነው!»

ታዲያ ማን ጥላሸት የጠጣ ድስቱን ያሳያል? ተራው የደረሰው ሁሉ፣ «እህትዬ፣ በሞቴ፣ ያንን የሚያብረቀርቀውን ድስትሽን ለዛሬ አውሺኝ» ይላታል። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ድስቱን የሠሩት አማቷ ናቸው። ሽማግሌው የተሰበረ ቧንቧ ይሁን የሞተ የመኪና ባትሪ፣ ያገኙትን አቅልጠው ድስት ያደርጉታል፤ ለሰፈሩም ይሸጣሉ። ድስቱ ሠላሳውን ቤት ዞረ። ቅጹ ላይ ግን «በቤቱ ድስት የተሠራ» የሚለው ላይ ሠላሳ ጊዜ ራይት አደረገች።

ውጤቱ ሲመጣ አለቃዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«ሊድ! በሠላሳውም ቤት! የሕፃን አእምሮ የሚያደነዝዝ ብረት እኮ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ሠላሳ ቤት የሚጋራው ምንድን ነው?»

«ሐሜት» አለች ቅመሽልኝ።

አለቃዋ ፈገግም አላለችም። «ጎመኑ ነው። ሁሉም የሚገዙት ከአንዲት ሴት ነው። ነገ መደቧን እናሽገዋለን።»

ቅመሽልኝ ግን ሠላሳውን ቤት የዞረው ድስት ትዝ አላት፤ አማቷ ያቀለጡት ባትሪም። ጎመን ሻጯ አራት ልጅ የምታሳድገው በዚያች መደብ ነው። ዝም ብትል ሴትዮዋን በቁሟ መቅበሯ ነው፤ ግማሹ ሰፈርም የሽማግሌውን ድስት ገዝቶ ልጆቹን እያበላበት ነው። ብትናገር የቅጹ ውሸት ከሥራ ያስወጣታል። ከሥራ ወጥታስ የት ልትገባ? ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለችው እኚሁ አማቷ ቤት ነው። ልጇም የምትበላው ከዚያው ድስት ነው።

ጠዋት ድስቱን በፌስታል ጠቅልላ ልትወጣ ስትል ሽማግሌው በር ላይ ያዟት።

«ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ቢሮ… ሊመረምሩት ነው፣ አባባ።»

«የኔን ድስት?» ፊታቸው በራ። «ምን ይቀራቸዋል! ወሬው ደርሷቸው ነዋ! አምጪው እስቲ።»

ከፌስታሉ አወጡና በሸሚዛቸው እጅጌ እፍ እያሉ ወለወሉት። እጇን ዘርግታ ቆመች። «አባባ…» ብላ ጀመረች።

«ማን እንደሠራው ሲጠይቁሽ እንዳታፍሪ» አሏት፤ ወደ ጓዳ ገብተው ክዳኑንም አመጡላት። «ይኸውልሽ፣ ሙሉውን ይዩት።»