የኔታ ያልጨረሱት አንድም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም የገደፍኩበትን፣ ወንድሜን ያስቀየምኩበትን ሁሉ አንድ በአንድ እዘረዝርና ይህችን እዘላታለሁ። ተናዝዤ ስወጣ ስገባ ከነበረብኝ ይልቅ ከብዶኝ እወጣለሁ።

ሰሞኑን በገጼ ላይ አንድ ጥያቄ ታዘንቡብኛላችሁ። የሰውን ድምፅና መልክ ቀድቶ፣ ሰውየው ያላለውን እንዳለ የሚያደርግ ማሽን መጥቷልና፣ ዲያቆን፣ አንተ ሳይንሱንም መጽሐፉንም የምታውቅ፣ እስቲ ጻፍልን ትላላችሁ። እውነት ከምድር ጠፋ እያላችሁ ታለቅሳላችሁ። ምን ልጻፍላችሁ? እኔ ከማሽኑ ቀድሜ፣ ያለማሽን፣ በአንድ አውራ ጣት የሠራሁትን ልጻፍ?

ሐይቅ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዲያቆንም ነኝ። ለውጡ መጣ ተብሎ የሁሉም አፍ ሲፈታ እኔም ገጽ ከፈትኩ። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና አመጣለሁ፣ ክርስቲያን እንዴት ሊያየው እንደሚገባ እጽፋለሁ። ከውጫሌ እስከ ደሴ አንባቢ ሞላኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች ስሜን ሲያነሡ ያልሰማ መስዬ በመስኮት እያየሁ ተቀምጬ አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

አንባቢ የሚወደው ግን የእኔን ሐሳብ አልነበረም፤ የየኔታ ክንፈን ነበር። ዳዊት ያስደገሙኝ መምህሬ ናቸው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትርጓሜ ተምረው፣ ከደብራችን አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታልና እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከስልኬ ላይ ዜና አነብላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ የትርጓሜ መምህር የመጽሐፉን ቃል እንደሚፈታው፣ ዜናውን አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ይፈቱታል። ማርስ ላይ ተሽከርካሪ አወረዱ ብዬ ባነብላቸው፣ አንድም ሰው የአባቱን ርስት ሊያይ ሄደ፣ አንድም በተሰጠው ርስት መኖር አቅቶት ሸሸ አሉ። የኔታ እንዲህ አሉ ብዬ ጻፍኩት። ሰው የሚያምነው የኔታ ያሉትን ነበር።

ወረርሽኙ መጣ፤ ክትባቱም ተከትሎ መጣ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር፤ በመንግሥት፣ በጎረቤት፣ በፈረንጅ። ቁጣ የሌለበት ጽሑፍ የሚያነብ አልነበረም። ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው የሚሉ ገጾች አንባቢዬን ይወስዱብኝ ጀመር። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ዜናውን ለየኔታ አነበብኩላቸው።

«አንድም ባለመድኃኒትን አክብር ይላል ሲራክ» አሉኝ። «አንድም እኔ ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ፤ የማስተምራቸውን እንዳላስይዝ ልወጋ። አንተም ተወጋ፤ ጻፍላቸው።»

ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። የኔታ ክንፈ ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው፣ የተወጋ ከጉባኤዬ አይገባም አሉ ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። ማንም እጄን አልያዘም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ አልተሳሳትኩም። ያሉትን ሰምቼ፣ ተረድቼ፣ ገልብጬ ጻፍኩ። እስከዚያ የጻፍኩት ሁሉ ተደምሮ ያላገኘውን አንባቢ ያ አንዱ አገኘ። ከጤና ጣቢያው ደጅ ስንቱ በእሱ ምክንያት ተመለሰ? ስንቱስ በዚያው ቀረ? ለመጠየቅ እንኳ ደፍሬ አላውቅም።

የኔታ ግን ቃላቸውን አያጥፉም። በሳምንቱ ዘንጋቸውን ይዘው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ በሰው ፊት ተሰልፈው ተወጉ። ሰዉም አየ። ለእኛ የአውሬው ምልክት፣ ለእሳቸው መድኃኒት? ተባለ። ለተማሪዎቻቸው ምግብ የሚልኩ ቤቶች መላክ ተዉ። ሰፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበር ነው፤ በቅሬው ስብሰባ ነገር ሲከር የመጨረሻ ቃል የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። መጠየቃቸው ቀረ። ሰላምታቸውን እንኳ በሩቁ የሚመልስ በዛ። እሳቸው ምክንያቱን አያውቁም፤ የሚነግራቸውም አልተገኘ፤ የገዛ ቃላቸውን ለራሳቸው መንገር ለማን ይመጣለታል?

ነገሩ የገባት የከተበቻቸው ነርስ ዘይነባ ናት። ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

«ዲያቆን፣ እኒያን ሽማግሌ የወጋኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንደሚያስቡ ነግረውኛል፤ ወላሂ አንተ የጻፍከውን አይሉም። አጥፋው።»

በሰው ሃይማኖት ምን አገባሽ አልኳት። ወሎ ላይ እንዲህ አይባልም። አባቶቻችን ተጋብተው፣ ተቀባብረው፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ በየሃይማኖታቸው ባርከው በኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ አይወጣም። ከእኔ አፍ ወጣ። ፊቷን አዙራ ሄደች።

በቀጣዩ እሑድ የኔታ ዜና አልጠየቁኝም፤ ማን ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። በስሜ የጻፍከውን አንብብልኝ አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። ጽሑፉ ፊቴ ነው። ዓይኔን እዚያው ላይ ተክዬ ያልተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ ሲራክን፣ ባለመድኃኒቱን፣ እንዳላስይዝ ልወጋ ያሉትን፣ ቃል በቃል። በስማቸው ለሕዝብ መዋሸቴ አልበቃ ብሎኝ፣ እውነተኛ ቃላቸውን ወስጄ ለራሳቸው ዋሸሁበት።

አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንዲያ ከጻፍህ ሰው ለምን ሸሸኝ?» አሉኝ።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

«አንድም እንዳነበብህልኝ ጽፈሃል» አሉ። «አንድም...»

ሁለተኛውን ሳይናገሩ በእጃቸው ዳብሰው ዘንጋቸውን አገኙና ተነሡ። የኔታ አንድም ብለው ጀምረው ሲተዉ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ዜና አንብብልኝ አላሉኝም።

ጦርነቱ በወልድያ በኩል ወረደ፤ ውጫሌን አልፎ ወደ እኛ መጣ። እኔ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ ሸሸሁ። የኔታ አልሸሹም። ኔትወርኩም መንገዱም በተቆረጠበት በዚያ ጊዜ ታመው አረፉ። ቅሬው ተበትኖ ነበርና የቀሩት ጥቂት አዛውንቶች፣ የሚበዙትም ሙስሊሞች፣ ቆፍረው ቀበሯቸው። ይህን ስመለስ የነገረችኝ ዘይነባ ናት፤ ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም።

ኔትወርክ ሲመለስ ጽሑፉ እንዳለ ቆየኝ። አጠፋሁት። ሰው ሳያውቅብኝ አጠፋሁት እንጂ አላረምኩትም። ስልክ ላይ ያለው በጣት ይጠፋል፤ ሰው ልብ ውስጥ ያለውስ በምን ይጠፋል? እስከ ዛሬ ሐይቅ ውስጥ ስማቸው ሲነሣ፣ ምሁር ነበሩ፣ ግን ምላሳቸው ሁለት ነበር የሚል አይጠፋም። አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ እሰማዋለሁ። ሻዬን እጨርሳለሁ።

ጦርነት ነበር አልላችሁም። ዘመኑ ነው አልላችሁም። ዘመኑ ስልክ አልነበረውም፤ ስልኩ የእኔ ነበር። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው መቃብር ውስጥ ናቸው፣ እናንተ ደግሞ ያንን ውሸት ተቀባብላችሁ ያደረሳችሁ ናችሁ። ይህን በዚያው ገጽ ላይ አወጣዋለሁ። ያኛውን ባሰራጫችሁት እጅ ይህንንም አሰራጩት። አታሰራጩትም፤ አውቃችኋለሁ።

የኔታ፣ እርስዎ የተዉትን እኔ ልጨርሰው፤ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነውና። አንድም እንዳነበብኩልዎ ጽፌአለሁ። አንድም ዓይንዎ እንደማያይ አውቄ ዋሽቼዎታለሁ፤ እርስዎ ግን አይተውኛል።