የኪራይ ምስክር

ሰው የአባቴን ነገር ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ከፍ አደርጋለሁ። አባቴ የሐሰት ምስክር ነበር። እናንተ በሹክሹክታ ከምትሉት እኔው ልበለውና እንገላገል። በፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ከችሎቶቹ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያላየውን አይቻለሁ፣ ያልሰማውን ሰምቻለሁ እያለ ነው ያሳደገን። የተማርኩበት ደብተር ከዚያ ነው የተገዛው፣ ጫማዬም ከዚያው ነው። ይህን የምነግራችሁ አንገቴን ደፍቼ አይደለም። እሱ ቀና ብሎ የተናገረውን እኔ አጎንብሼ የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጎን አስጠኚው ይቀመጣል። አስጠኚው ማለት ምስክር ለጎደለው ባለጉዳይ ምስክር የሚያገናኝ፣ ከዚያም ምን ብሎ እንደሚመሰክር ቃል በቃል የሚያስጠና፣ ዓይኑን በጨው የታጠበ ደላላ ነው። ሌሎቹ ምስክሮች የተነገራቸውን ሸምድደው ይገቡና የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ጥያቄ ሲያጠብቅባቸው ይንተባተባሉ። አባቴ ግን ጠርቶ ላመጣው ሰው እንኳ የማያዳላ ይመስል ነበር። «እውነቱን ለመናገር ይሄ ሰውዬ ጠጪ ነው፣ አፉም ክፉ ነው፤ አጥሩን ግን እሱ ነው ያጠረው» ይላል። እንዲህ ሲል ዳኞቹ ያምኑታል። ባለጉዳዩም ስድቡን ዋጥ አድርጎ ይረታል።

የግቢው ሰው ስም አወጣለት፤ «ዘመድ» ይሉት ነበር። የማይዛመደው ሰው አልነበረማ! ዛሬ የአንዱ አጎት ነው፣ ነገ የሌላው ጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ ባልና ሚስት ያስታረቀ ሽማግሌ። እቤት ደግሞ ይለማመዳል። ጓዳ ገብቶ ሳል ያለበት ሽማግሌ ይሆናል፣ ሲወጣም ሳሉ አይለቀውም። እናቴ ሳህኑን ይዛ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው ምሳ የማበላው?» ስትለው እኛ ልጆቹ በሳቅ እንፈርሳለን። እሱም አብሮን ይስቃል።

አስጠኚው ያመጣለት የመጨረሻ ጉዳይ የአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። አሮጊቷ ልጅ አልነበራቸውም። አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ በማንኪያ ያጎረሰቻቸው አስታማሚያቸው ናት፤ ቤቱንም ለእሷ ተናዘዙላት። ከሞቱ በኋላ ግን በሕይወት ሳሉ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቀው የወንድማቸው ልጅ ብቅ አለና «አክስቴ ልትሞት ስትል ኑዛዜዋን ሽራ ቤቱን ለእኔ ብላለች» ብሎ ከሰሰ። አስታማሚዋ ከተረታች ከነጓዟ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው። የአባቴ ድርሻ አሮጊቷ ይሄዱበት የነበረው ጸሎት ቤት አማኝ መስሎ ቀርቦ፣ ሊጸልይላቸው በሄደበት ያን ቃል በጆሮው እንደሰማ መናገር ነበር።

አባቴ ደግሞ ጸሎት ቤት ገብቶ አያውቅም። «አማኝ እንዴት እንደሚያወራ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ ሳላይ አልመሰክርም» አለ። ውሸታምም ቢሆን ሥራውን አክባሪ ነበር። ሊያጠና ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ነው የነገረኝ።

ጸሎት ቤቱ ከአንድ ጎማ ቤት ፎቅ ላይ ያለ የኪራይ አዳራሽ ነው። የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ የጎማ ማጣበቂያው ሽታ ከታች ይመጣል። የጉባኤው ሽማግሌ ራሱ ጎሚስታው ነበር፤ በሳምንቱ መካከል እታች ጎማ ሲጠግን የዋለበት እጅ በእሑድም ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው። አባቴን ከኋላ ወንበር ሲያየው «አዲስ ወንድም መጥቶልናል። ተነሥና ማን እንደሆንክ ንገረን፣ እንጸልይልህ» አለው። አባቴ ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ ከሌላ ከተማ የመጣ አማኝ ነኝ ሊል ነው። ተነሣ።

«አፌን ስከፍት» አለኝ በኋላ፣ «አጎትየው መጣ፣ ጎረቤትየው መጣ፣ ሳል ያለበት ሽማግሌ መጣ። እኔ ግን አልመጣሁም። የገዛ ስሜን ፈልጌ አጣሁት ልጄ።»

ስንት ዳኛ ፊት ምላሱ ተይዞ የማያውቅ ሰው፣ ላስቲክ ወንበር ፊት ተይዞ ቆመ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ጎሚስታው ግን አልሳቀም። «ግድ የለም፣ ተቀመጥ» አለው። «እግዚአብሔር ማን እንደሆንክ ያውቃል። አንተም እስክታውቅ እኛ እንጠብቅሃለን።»

አባቴ ያን ጸሎት ቤት ትቶ ሌላ ቦታ ማጥናት ሲችል በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ። ለምን እንደሄደ ስጠይቀው «የሚጠብቀኝ ሰው አግኝቼ ስለማላውቅ» ነው ያለኝ። ያን ቀን የተነበበው የጌታ የፍርዱ ነገር ነበር። ከሳሾቹ ሊገድሉት ፈልገው ምስክር ጠፋባቸው፤ በመጨረሻ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ቀርበው ያላለውን ብሏል አሉበት፣ እሱም ዝም አለ። ሌላው አማኝ ሲሰማው ያደገው ታሪክ ስለሆነ በእርጋታ ያዳምጣል። አባቴ ግን ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። የሥራ ባልደረቦቹ ናቸዋ!

«ማን ነው ያስጠናቸው?» ብሎ ጎሚስታውን ጠየቀው ጉባኤው ሲበተን። «ስማቸው ለምን አልተጻፈም? ከዚያ ወጥተው እቤታቸው ገብተው ምን በሉ?»

ጎሚስታው ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆታል፤ ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም። «የበሉትን አላውቅም» አለ። «ግን የሞተው ለእነሱም ነው።»

አባቴ እታች ወርዶ በተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በሐሰት የመሰከሩበት ሰው ዝም ያለው መልስ አጥቶ ሳይሆን አባቴንም እያየው እንደሆነ ገባው። እንዲህ ነው ያመነው። መላእክት አልታዩትም፣ መብረቅ አልወረደም። ተራ ውሸታም ሰው ፊት ለፊት እውነት ቆሞ ሳይጸየፈው አየው፣ በቃ።

ያን ቀን እቤት ሲገባ እናቴ እንደ ልማዷ ማንን እንደምታበላ ጠየቀችው። አልሳቀም። ስሙን ከነአባቱ ስም ነገራት። እናቴ ደንግጣ ግንባሩን ዳሰሰችው፣ ትኩሳት ይኖረው ይሆን ብላ።

ጠቡ የመጣው በማግስቱ ነው። አባቴ እንዳመነ ነገራትና በአሮጊቷ ጉዳይ ችሎት ቀርቦ እውነቱን እንደሚናገር ጨመረላት። ሰማይ ምድሩ ዞረባት።

«ይቅር ብሎሃል አላልክም?» አለችው። «ይቅር ካለህ ምን ቀረህ? አርፈህ እቤትህ ተቀመጥ! አልመሰክርም በል፣ ሥራ ቀይር፣ ማን ከለከለህ?»

«ብቀር ሌላ ሰው ያስገባሉ። የአሮጊቷ የወንድም ልጅ የአልጋውን ቦታ እያሳየ ያስጠናው እኔን ነው፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚናገር የለም። ሴትዮዋ ሜዳ ላይ ትወድቃለች።»

«እኛስ? አንተ ስትታሰር እኛ የት ነው የምንወድቀው? አንተ ሰውዬ፣ ለባዳ ብለህ ልጆችህን ልትበትን ነው?»

እናቴ ልክ ነበረች፣ አሁንም ልክ ነበረች እላለሁ። ቤታችን የቆመው በእሱ ምላስ ላይ ነው። አስጠኚውም ወሬው ደርሶት መጣና በራችን ላይ ቆሞ «ዘመድ፣ አንተ ከተናገርክ የስንቱን ጉዳይ እንደማወጣብህ ታውቃለህ» አለው ፈገግ ብሎ። አባቴ «አትልፋ፣ እኔው አወጣዋለሁ» ብሎ በሩን ዘጋበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም፤ እንደዚያ የፈራሁበትም የለም።

አስጠኚው ግን አባቴ ዳኛ ፊት ሲቆም ይፈራል ብሎ ስሙን ከምስክሮቹ ዝርዝር አላስወጣም። የቀጠሮው ቀን እኔም ሄድኩ። እናቴ አልሄድም ብላ ቀረች። አስታማሚዋ ከፊት ወንበር፣ ልብስ በማጠብ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አባቴ ሲጠራ በጥላቻ አየችው፤ ሊበላት የመጣ ምስክር መሆኑን ታውቃለች።

መጽሐፍ ቅዱሱን አቀረቡለት። የኪራይ ምስክሮች አንድ ዘዴ አላቸው፤ ሲምሉ አውራ ጣታቸውን አጥፈው በመዳፋቸውና በመጽሐፉ መካከል ያስገባሉ። ጣት ከገባ መሐላው አይዝም ይላሉ። አስጠኚው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ይህን ነው። አባቴ አምስቱንም ጣቶቹን ዘርግቶ መዳፉን አሳረፈ። ከኋላዬ የተቀመጠው አስጠኚ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«የሐሰት ምስክር ነበርኩ፣ ክብርት ዳኛ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ። አባቴ ቀጠለ። አሮጊቷን በሕይወት አይቷቸው እንደማያውቅ፣ ቤታቸው የገባው ከሞቱ በኋላ እንደሆነ፣ አልጋው በየት በኩል እንደነበረ እያሳየ ያስጠናው ከሳሹ ራሱ እንደሆነ፣ አስጠኚው ማን እንደሆነ ተናገረ። የከሳሹ ጠበቃ ብድግ ብሎ «ምስክሩ ታሟል!» ሲል ጮኸ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድሜዎን ሙሉ ሲዋሹ እንደነበር ነው የሚነግሩን። ታዲያ ዛሬ እውነት መናገርዎን በምን እንወቅ?»

ጥያቄው ከባድ ብቻ አይደለም፣ ትክክልም ነው። አባቴ ግን ቀና ብሎ «እስከ ዛሬ በመጣሁበት በር እየሳቅሁ እወጣ ነበር» አለ። «ዛሬ በየትኛው በር እንደምወጣ ያዩታል።»

በእስረኞች በር ነው የወጣው። የአሮጊቷ የወንድም ልጅ ክስ ወደቀ፤ የተቀጠረው ሌላው ምስክር ከግቢው በሩጫ ጠፋ። አስታማሚዋ ስትወጣ እጄን ይዛ «አባትሽ ሊቀብረኝ መጥቶ አወጣኝ፤ ልመርቀው ወይስ ልርገመው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም አልኳት።

ከዚያ የራሱ ክስ መጣ። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ወጣትና ደግ ልጅ ነበር፤ እናቴን ቢሮው ጠርቶ አንድ መላ ነገራት። አስጠኚው አስፈራርቶኝ ነው ይበል፣ እንዲህ ካለ ቅጣቱ ይቀልለታል፣ ምናልባትም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናቴ እስር ቤት ሄዳ ለመነችው። አባቴ «ማንም አላስፈራራኝም። ሥራውን ወድጄው ነበር» አላት። እናቴ «ችሎትህን አላይም» ብላው ተመለሰች።

ፍርዱ በሚሰጥበት ቀን ግን መጣች። በሻርፗ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍና ከኋላ ወንበር ከጎኔ ተቀመጠች። ዳኛው፣ እኚህ ሌላ ዳኛ ናቸው፣ «የቅጣት ማቅለያ ካለህ ተናገር» አሉት።

«ማቅለያ የለኝም» አለ አባቴ። «የምለምነው አንድ ነገር አለ። በእኔ ቃል የታሰሩ ሰዎች አሉ። በእኔ ቃል መሬታቸውን የተነጠቁ አሉ። የእነሱ ነገር እንደገና ይታይልኝ።»

ከዚያም ያስታውሳቸው ጀመር። የዳቦ ጋጋሪው፣ የመበለቲቱ፣ ባልነበረበት የመኪና አደጋ የተፈረደበት ሾፌር ጉዳይ። እያንዳንዱ በተጠራ ቁጥር ዓቃቤ ሕጉ ብዕሩን ያነሣል፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ክስ እንደሚመጣበት ሁላችንም ይገባናል። ጠበቃው እጁን ጎትቶ «በቃህ፣ አባቴ፣ በቃህ» ይለዋል። አባቴ አይሰማም። ፈልጎ፣ አስቦ፣ ሌላ ይጨምራል። በመጨረሻ አባቴ «ይኸው ነው፣ ሌላ የለም» ብሎ ሊቀመጥ ሲል ጠበቃው ተነፈሰ፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

እናቴ ብድግ አለች። ሻርፗ ከፊቷ ወረደ።

«የግንበኛው!» ብላ ጮኸች። «የግንበኛውን ረሳኸው!»

ብረት ሰርቀሃል ተብሎ በአባቴ ምስክርነት የተፈረደበት ግንበኛ ነው። ሚስቱን ገበያ ላይ ባየቻት ቁጥር እናቴ መንገድ ታቋርጥ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለማንም ነግራ አታውቅም።

አባቴ ዞሮ አያት። ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሰና «እውነቷን ነው» አለ። «የግንበኛውም አለ።»

ችሎት አስከባሪው እየሮጠ መጥቶ «ይቀመጡ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት። አልተቀመጠችም።