ወንድሜ ያስተማረው እጅ

ታናሽ ወንድሜ ዶክተር ነው። ጉንፋን እንኳን አያድንም፤ ዶክትሬቱ የኮምፒውተር ነው። ሌላው ዓለም ኮምፒውተር ፎቶግራፍ የመሰለ ሥዕል እንዲሠራ ሲራኮት፣ የእኔው ጉድ በብዕር የተሳለ የሚመስል እንዲሠራ ዘጠኝ ዓመት ለፍቷል። እኔ ያንኑ ሥራ በአንድ ብዕርና በአንድ ጠርሙስ ቀለም ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ማንም ዶክተር ብሎኝ አያውቅም።

ለሕክምና ተማሪዎች መጽሐፍ የሰው አካል እስላለሁ። ፎቶግራፍ አለ አይደል ወይ የሚሉኝ አሉ። ፎቶግራፍ ሁሉንም እኩል ያሳያል፤ ደሙም ስቡም ጅማቱም ተደባልቆ ተማሪው የቱን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። እኔ የማያስፈልገውን እተዋለሁ፣ የሚያስፈልገውን አጎላለሁ። ወንድሜ ይህችኑ ነገር በሠላሳ ገጽ ጽፎ ጉባኤ ላይ አቀረባትና ተጨበጨበለት። እሰይ።

ራስ ምታቱ ኮምፒውተሩ መስመር ሲያሰምር ቀጥ ማድረጉ ነበር። የሰው እጅ ቢያንስ ትንሽ ይወዛወዛል። ስለዚህ በየዓመቱ ቤቴ ይመጣና ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ያለ ማስመሪያ መቶ መስመር አስምሪልኝ ይለኛል። እንደተቀጣ ተማሪ ቁጭ ብዬ አሰምራለሁ። እሱ ውዝዋዜውን ለክቶ ለኮምፒውተሩ ያስተምራል። በጽሑፎቹ ላይ አፉን ሞልቶ "የሰው እጅ" የሚለው እንግዲህ የእኔ እጅ ነው።

ዘንድሮ የሰጠሁትን ሲጨምርበት፣ ሥዕሎቹን እንዲመዝኑ የጠራቸው ሰዎች ሠዓሊው ሽማግሌ ነው ወይ፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል አሉት። ሊያብድ ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ ፕሮግራሙን ፈተሸ፣ ስካነሩን ሰደበ፣ ሌላ ስካነር አስገዛ። ሊቅ አይደል፣ ጥፋቱን ከሰው በስተቀር ያልፈለገበት ቦታ የለም። በመጨረሻ ወረቀቶቼን በየዓመታቸው ለያይቶ ለካቸው።

እኔ እንደሆን እጄ መታመሙን ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ እስላለሁ፤ ቀኝ አንጓዬን በግራ እጄ እይዛለሁ፤ ረጅሙን መስመር በአጫጭሩ እቀጥላለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አርባ ሥዕል ያለው የልብ መጽሐፍ ተሰጥቶኛላ! እጄ መታመሙ ከተሰማ እሱም ይወሰድብኛል፣ ሌላም አይሰጠኝም። ከመሳል ውጪ ደግሞ የምችለው ነገር የለም።

አንድ እሁድ ከምሳ በፊት መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀቶቼን በየዓመታቸው ፊቴ ደረደራቸው።

"እትዬ፣ ሐኪም አይቶሻል?"

አይቶኛል አልኩት። መድኃኒቱ ሕመሙን ቢያዘገየው ነው እንጂ እንደማያድነው፣ ሠላሳ አንዱን ጨርሼ ዘጠኝ እንደቀረኝ ነገርኩት። ዶክተሩ ወንድሜ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሲወጣለት አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጎላ እኔ ፎቶግራፉ ላይ ምልክት ላድርግ፣ መስመሩን ኮምፒውተሩ ይሥራው፤ ለዚህም የመጀመሪያውን ዓመት መቶ መስመሮቼን ብቻ ይጠቀም፤ ያኔ እጅሽ ደህና ነበር አለኝ። የስድብ መዓት አወረድኩበት። ሳምንት ቆይቼ እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ታትሞ ሲመጣ መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት፤ የእኔው ነበር፣ የድሮው።

አርባውን ይዤ አሳታሚው ዘንድ ሄድኩ። ማታለሉ አልሆነልኝምና ዘጠኙን ኮምፒውተር እንደሠራቸው ለአለቃዬ ነገርኳቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ልናገር ስል እጃቸውን አነሱ። ሃያ ዓመት ያየሁትን እጅ ለእኔ ልታሳዪኝ ነው ወይ ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ በአንድ አገላብጠው ለሁለት ለዩዋቸው፤ ከዚያ መቁጠሩንም ረስተው ዘጠኙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

"እነዚህ ያንቺ ናቸው፣ ምኑ ይጠፋኛል። እነዚያን የሚንቀጠቀጡትን ግን ለማሽኑ መልሺለት፤ አንቺው በእጅሽ ትሠሪልናለሽ።"

ሃያ ዓመት የሚያውቁትን እጄን አንስቼ ሠላሳ አንዱ ላይ አሳረፍኩላቸው፣ እስኪበቃቸው እንዲያዩትም ተውኩት። ከሥሩ ወረቀቶቹ ይንኮሻኮሹ ነበር።